መጽሐፉ ከክፍሉ ደረጃ ጋር ይጣጣማልን?
የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ ሥርዓተ ትምህርትን የመመዘኛ ዘዴ፤ ከሐረር ከተማ አኳያ

መግቢያ

በሐረር ከተማ ማለዳ በፈረስ መጋላ በኩል የሚያልፍ ሰው ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚጣደፉ ሕፃናትን ያያል። ከነዚህ ሕፃናት አንዱ ሒሳብን በሐረሪ ቋንቋ፣ ሁለተኛው በአፋን ኦሮሞ፣ ሦስተኛው ደግሞ በአማርኛ ይማር ይሆናል። ሦስቱም የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው እንበል። በዓመቱ መጨረሻ ሦስቱም ወደ 5ኛ ክፍል ቢዛወሩ፣ «4ኛ ክፍልን አጠናቋል» የሚለው ቃል ለሦስቱም አንድ ዓይነት ትርጉም ይኖረዋልን? ሦስቱስ መጻሕፍት ለ4ኛ ክፍል የተወሰነውን ሒሳብ በእኩል ስፋትና በእኩል ጥልቀት ያስተምራሉን?

ብዙውን ጊዜ አንድ ተማሪ በሒሳብ ሲደክም ጥፋቱን በተማሪው ስንፍና ወይም በመምህሩ ድክመት ላይ መለጠፍ ይቀናናል። ሆኖም ከዚህ ፍርድ በፊት ሊመለስ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ተማሪው እንዲያውቀው የተጠበቀውን ነገር የሚማርበት መጽሐፍ በእርግጥ አቅርቦለት ነበርን? የሚል ነው። ያልቀረበለትን ማዕድ አልበላህም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በስሜት ሳይሆን በስሌት ለመመለስ የሚያስችሉ መንገዶችን እንዳስሳለን። መንገዶቹ ከመደመር፣ ከመቀነስና ከመቶኛ ያለፈ ሒሳብ ስለማይጠይቁ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በታናሽ ወንድሙ ወይም በታናሽ እህቱ መጽሐፍ ላይ ሊሞክራቸው ይችላል።

ሦስቱ የሥርዓተ ትምህርት ገጽታዎች

ሥርዓተ ትምህርት ስንል አንድን ነገር ብቻ እየጠራን አይደለም። በተለያዩ አገሮች የሒሳብ ትምህርትን በማወዳደር የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የትምህርት ምዘና ማኅበር ሥርዓተ ትምህርትን በሦስት ከፍሎ ይመለከተዋል። የመጀመሪያው የታሰበው ነው፤ ይህም በመንግሥት ሰነድ ላይ የሰፈረውና «ተማሪው ይህን ማወቅ አለበት» የሚለው ክፍል ነው። ሁለተኛው የተተገበረው ሲሆን፣ መምህሩ በክፍል ውስጥ በእርግጥ የሚያስተምረው ነው። ሦስተኛው የተገኘው ነው፤ ይኸውም ተማሪው ይዞት የሚወጣው ዕውቀት ማለት ነው።

መጽሐፈ ተማሪ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል እንደ ድልድይ ያገለግላል። ሌላ የማስተማሪያ መሣሪያ እምብዛም በሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ መምህሩ ከመጽሐፉ ርቆ ሊሄድ ስለማይችል የድልድዩ ጥንካሬ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል። ድልድዩ ከአንደኛው ዳርቻ ካልደረሰ፣ ሰነዱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ለሕፃኑ የሚተርፈው ነገር አይኖርም።

የአገራችን ሁኔታ በአጭሩ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ስምንት ዓመት አድርጎ በሁለት እርከን ከፈለው፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የመጀመሪያው እርከን፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ደግሞ ሁለተኛው እርከን ሆነ። ፖሊሲው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ስለፈቀደ ክልሎች መጻሕፍትን በየቋንቋቸው ማዘጋጀት ጀመሩ። በሐረሪ ክልል ሐረሪ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነው ያገለገሉት በዚሁ መሠረት ነው። በቋንቋዎች መካከል የሚኖረው የይዘት ልዩነት እንዳይሰፋም ለየክፍሉና ለየትምህርት ዓይነቱ ዝቅተኛው የመማር ብቃት ምን እንደሆነ የሚዘረዝሩ ሰነዶች በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘጋጁ። የብቃት ዝርዝሩ በምሳሌነት ሲታይ «ተማሪው ክፍልፋዮችን ያወዳድራል»፣ «ተማሪው የሬክታንግልን ዙሪያ ያሰላል» በሚል ዓይነት አነጋገር የተጻፈ ነው።

ውጤቱን ለማወቅ አገር አቀፍ የትምህርት ቅበላ ጥናቶች ተካሂደዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥናቶች በ1992፣ በ1996 እና በ2000 ዓ.ም. የተከናወኑ ሲሆን፣ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች አማካይ የሒሳብ ውጤት በሦስቱም ከመቶ 40 አካባቢ ነበር። ይህ ፖሊሲው እንደ ዝቅተኛ ማለፊያ ከሚያየው ከመቶ 50 በታች መሆኑ ግልጽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተግባር ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የአጠቃላይ ትምህርቱን አወቃቀር ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃና አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ ቀይሮታል። አዳዲስ መጻሕፍትም ተዘጋጅተዋል። ስለዚህ «አዲሱ መጽሐፍ ከአዲሱ ደረጃ ጋር ይጣጣማልን?» የሚለው ጥያቄ በወቅቱ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

መጣጣም ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ መጽሐፍ ከክፍሉ ደረጃ ጋር ይጣጣማል ለማለት የምዕራፎቹን ርእስ ከሰነዱ ርእሶች ጋር አስተያይቶ «አሉ» ብሎ ምልክት ማድረግ ብቻውን በቂ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ኖርማን ዌብ እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረቡት ሥራ መጣጣም ቢያንስ በአራት መስፈርቶች መታየት እንዳለበት አስረድተዋል። ዌብ መስፈርቶቹን በዋናነት ያዘጋጁት ፈተናን ከደረጃ ጋር ለማመሳከር ቢሆንም ለመጽሐፍ መልመጃዎችም በሚገባ ያገለግላሉ።

አንደኛ፣ የይዘት መገጣጠም፦ በደረጃው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዋና ርእስ በመጽሐፉ ውስጥ በበቂ መጠን አለን? ዌብ ለአንድ ርእስ ቢያንስ 6 ጥያቄዎች እንዲኖሩ ያመለክታሉ። ምክንያቱም በአንድ ወይም በሁለት ጥያቄ ብቻ የተማሪን ዕውቀት መዳኘት ስለማይቻል ነው።

ሁለተኛ፣ የጥልቀት መመሳሰል፦ ደረጃው «ያስረዳል» ብሎ ሳለ መጽሐፉ «አስላ» ብቻ የሚል ከሆነ ርእሱ አለ፤ ጥልቀቱ ግን የለም። በዌብ መለኪያ ከጥያቄዎቹ ቢያንስ ግማሾቹ ደረጃው ከሚጠይቀው ጥልቀት ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው።

ሦስተኛ፣ የስፋት ተመጣጣኝነት፦ በአንድ ርእስ ሥር ካሉት ዝርዝር ዓላማዎች ቢያንስ ግማሾቹ መነካት አለባቸው። ክፍልፋይ የተባለው ምዕራፍ በሙሉ ስለ ግማሽና ስለ ሩብ ብቻ ቢያወራ ይህን መስፈርት ሳያሟላ ይቀራል።

አራተኛ፣ የሥርጭት ሚዛን፦ ጥያቄዎቹ በአንድ ዓላማ ላይ ተከማችተው ሌሎቹ በአንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ታልፈው እንዳይሆን የሚመለከት ነው።

ጥልቀትን እንዴት እንለያለን?

ከአራቱ መስፈርቶች አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ጥልቀት ማለት የቁጥሩ ትልቅነት አለመሆኑን በቅድሚያ መረዳት ይገባል። 3,847ን በ26 ማባዛት አድካሚ ነው፤ ነገር ግን የታወቀን ደንብ ከመከተል ሌላ ምንም አይጠይቅም። በአንጻሩ በትንንሽ ቁጥሮች የቀረበ ጥያቄ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማሳየት ሐረር ውስጥ ያለ ማንኛውም ሕፃን የሚያውቀውን የጁገልን ግንብ እንጠቀም። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረች ሲሆን፣ ግንቡ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ስለ ዙሪያ የሚጠይቁ ሦስት ጥያቄዎችን እንመልከት።

ጥያቄ ሀ፦ ርዝመቱ 15 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ሬክታንግል ዙሪያው ስንት ሜትር ነው?

ጥያቄ ለ፦ አንዲት ልጅ በደቂቃ 70 ሜትር ትራመዳለች። ከሸዋ በር ተነሥታ የጁገልን ግንብ ዙሪያ፣ ማለትም 3.5 ኪሎ ሜትር፣ ዞራ ወደ ተነሣችበት ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?

ጥያቄ ሐ፦ 40 ሜትር ገመድ ተሰጥቶሃል። በገመዱ የሬክታንግል ቅርጽ ያለው የአትክልት ቦታ ብታጥር፣ የሚታጠረው ቦታ ስፋት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሆናልን? ምክንያትህን በምሳሌ አስረዳ።

ጥያቄ ሀ ደንብን ከማስታወስ አያልፍም፤ መልሱ 40 ሜትር ነው። ጥያቄ ለ ኪሎ ሜትርን ወደ ሜትር መለወጥን፣ ከዚያም ማካፈል እንደሚያስፈልግ ራስ መወሰንን ይጠይቃል፤ 3,500 ለ70 ሲካፈል 50 ደቂቃ ይሆናል። ጥያቄ ሐ ግን ደንብ የለውም። ተማሪው 10 በ10፣ 15 በ5፣ 18 በ2 የሆኑ ሬክታንግሎችን ሞክሮ ስፋታቸው 100፣ 75 እና 36 ካሬ ሜትር መሆኑን ያያል፤ ዙሪያ እኩል ሲሆን ስፋት የግድ እኩል እንደማይሆንም በራሱ ይደርስበታል። ሦስቱም ጥያቄዎች «ዙሪያ» በሚል ርእስ ሥር ይመደባሉ። ርእስን ብቻ የሚቆጥር ገምጋሚ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት አይታየውም።

መጣጣምን በቁጥር መግለጽ

አንድሩ ፖርተር የተባሉት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ርእስንና ጥልቀትን ባንድነት የሚለካ ቀላል ጠቋሚ ቁጥር አስተዋውቀዋል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ርእሶችን በረድፍ፣ የጥልቀት ደረጃዎችን በዓምድ አድርገን ሠንጠረዥ እናዘጋጃለን። ቀጥሎም በደረጃው ሰነድ ውስጥ ያሉትን ዓላማዎች አንድ በአንድ እያነበብን በሚገባቸው ሳጥን ውስጥ እንቆጥራለን፤ የእያንዳንዱን ሳጥን ቁጥር ለጠቅላላው በማካፈልም ድርሻውን እናገኛለን። የመጽሐፉንም መልመጃዎች በተመሳሳይ መንገድ እንቆጥራለን። በመጨረሻም የሁለቱን ሠንጠረዦች ልዩነት በየሳጥኑ ወስደን፣ የመቀነስ ምልክቱን ትተን እንደምራለን፤ ድምሩን ለ2 አካፍለን ከ1 እንቀንሳለን። ውጤቱ 1 ከሆነ ሁለቱ ፍጹም ይጣጣማሉ፤ 0 ከሆነ የሚገናኙበት ሳጥን የለም ማለት ነው።

ለማስረጃ ያህል ብቻ የተቀመጡ ቁጥሮችን እንውሰድ። እነዚህ የየትኛውም መጽሐፍ ውጤት አይደሉም። አራት ርእሶችና ሁለት የጥልቀት ደረጃዎች አሉን እንበል፤ የመጀመሪያው ደረጃ «ማስታወስና ማስላት»፣ ሁለተኛው «መረዳትና ሥራ ላይ ማዋል» ነው።

በደረጃው ሰነድ፦
ሙሉ ቁጥሮች፦ ማስላት 0.20፣ መረዳት 0.20
ክፍልፋዮች፦ ማስላት 0.10፣ መረዳት 0.15
ልኬት፦ ማስላት 0.05፣ መረዳት 0.15
ጂኦሜትሪ፦ ማስላት 0.10፣ መረዳት 0.05

በመጽሐፉ፦
ሙሉ ቁጥሮች፦ ማስላት 0.45፣ መረዳት 0.10
ክፍልፋዮች፦ ማስላት 0.15፣ መረዳት 0.05
ልኬት፦ ማስላት 0.10፣ መረዳት 0.05
ጂኦሜትሪ፦ ማስላት 0.10፣ መረዳት 0.00

በቅድሚያ ጥልቀትን ትተን ርእሶችን ብቻ እናወዳድር። በሰነዱ የአራቱ ርእሶች ድርሻ 0.40፣ 0.25፣ 0.20 እና 0.15 ነው። በመጽሐፉ ደግሞ 0.55፣ 0.20፣ 0.15 እና 0.10 ነው። ልዩነቶቹ 0.15፣ 0.05፣ 0.05 እና 0.05 ሲሆኑ ድምራቸው 0.30 ነው። ግማሹ 0.15 ስለሆነ የመጣጣሙ ጠቋሚ 0.85 ይሆናል። በዚህ ብቻ ብናቆም «መጽሐፉ ጥሩ ነው» ብለን እንዘጋው ነበር።

አሁን ስምንቱን ሳጥኖች እናወዳድር። ልዩነቶቹ 0.25፣ 0.10፣ 0.05፣ 0.10፣ 0.05፣ 0.10፣ 0.00 እና 0.05 ናቸው። ድምራቸው 0.70፣ ግማሹ 0.35 ሲሆን ጠቋሚው ወደ 0.65 ይወርዳል። ልዩነቱ ከየት መጣ? የጥልቀት ደረጃዎችን ብቻ ብናወዳድር መልሱን እናገኛለን። ሰነዱ ለማስላት 0.45፣ ለመረዳት 0.55 ሲሰጥ፣ መጽሐፉ ለማስላት 0.80፣ ለመረዳት 0.20 ሰጥቷል። በዚህም ስሌት ጠቋሚው 0.65 ነው። ማለትም ሙሉው ጉድለት በጥልቀቱ ልዩነት ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል፤ ምክንያቱም መጽሐፉ በየትኛውም ርእስ ላይ ለማስላት የሰጠው ድርሻ ከሰነዱ አያንስም፣ ለመረዳት የሰጠው ድርሻ ግን በአራቱም ርእሶች ያንሳል።

ይህ መጽሐፍ 100 መልመጃዎች ቢኖሩት፣ ከሙሉ ቁጥሮች 55 መልመጃዎች መረዳትን የሚጠይቁት 10 ብቻ፣ ከክፍልፋይ 20 መልመጃዎች 5፣ ከልኬት 15 መልመጃዎች 5፣ ከጂኦሜትሪ 10 መልመጃዎች አንድም አይሆኑም ማለት ነው። እንዲህ ባለው መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ በትጋት የሠራ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ መረዳትን የሚመዝን ፈተና ቢቀርብለት መውደቁ ሊያስደንቀን አይገባም።

የሁለት ሰዎች ዳኝነት

አንባቢ «አንድን መልመጃ ማስላት ነው ወይስ መረዳት ብሎ የሚወስነው ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለሆነም ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ፣ ለየብቻቸው መልመጃዎቹን መመደብ ይኖርባቸዋል። ከዚያም ምን ያህል እንደተስማሙ ይታያል።

አሁንም በምሳሌነት 40 መልመጃዎች እንውሰድ። ሁለቱ መዳቢዎች በ26ቱ ላይ «ማስላት»፣ በ8ቱ ላይ «መረዳት» በማለት ተስማሙ። በ4ቱ ላይ የመጀመሪያው «ማስላት» ሲል ሁለተኛው «መረዳት» አለ፤ በቀሩት 2 ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሆነ። ስምምነታቸው 34 ከ40፣ ማለትም ከመቶ 85 ነው። ነገር ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቢመድቡም እንኳ በአጋጣሚ የሚስማሙባቸው ይኖራሉ። የመጀመሪያው «ማስላት» ያለው 30 ጊዜ፣ ሁለተኛው 28 ጊዜ ነው። ስለዚህ በአጋጣሚ የሚጠበቀው ስምምነት 0.75 በ0.70 ሲባዛ፣ ሲደመር 0.25 በ0.30 ሲባዛ፣ ማለትም 0.60 ነው። ከአጋጣሚ በላይ የተገኘው ስምምነት 0.85 ሲቀነስ 0.60፣ ማለትም 0.25 ሲሆን፣ ይህም ሊገኝ ከሚችለው ከ0.40 ጋር ሲነጻጸር 0.625 ይሆናል። ይህ ልኬት ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረቡት ካፓ የተባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለ1 በቀረበ መጠን ዳኝነቱ የሚታመን ይሆናል። ዝቅ ካለ መዳቢዎቹ ተቀምጠው ያልተስማሙባቸውን መልመጃዎች አንድ በአንድ መመርመርና የጥልቀት ትርጓሜያቸውን ማጥራት አለባቸው። ብዙ ትምህርት የሚገኘውም ከዚህ ክርክር ነው።

አንድ ሒሳብ በሦስት ቋንቋ

የሐረር ልዩ ሁኔታ የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። በአንዲት ከተማ ውስጥ ያሉ የአንድ ክፍል ተማሪዎች በሦስት ቋንቋዎች፣ በሁለት የፊደል ዓይነቶች፣ ማለትም በግዕዝና በላቲን ፊደል ይማራሉ። የቁጥር ምልክቶቹ ግን በሦስቱም መጻሕፍት አንድ ናቸው። ታዲያ መጻሕፍቱ ከአንድ መርሐ ትምህርት የተቀዱ እስከሆኑ ድረስ መጣጣማቸው በራሱ የሚረጋገጥ አይደለምን? አይደለም። ምክንያቱን በሦስት ምሳሌዎች እንመልከት።

የመጀመሪያው ምሳሌ የቁጥር አጠራር ነው። በአማርኛ «አሥራ አንድ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ኩዻ ቶኮ» ስንል ቃሉ ራሱ አሥርና አንድ መሆኑን ይናገራል። የእንግሊዝኛው «ኢለቨን» ግን ይህን አይናገርም። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ከተዘጋጀ መጽሐፍ እንዳለ የተቀዳ ምዕራፍ ለሐረር ሕፃን በማያስፈልገው ነገር ላይ ብዙ ገጽ ሊያባክን፣ በሚያስፈልገው ላይ ደግሞ ሊሳሳ ይችላል። አንድ ሕፃን በአማርኛ «ሃያ» ሲል፣ ቃሉ ውስጥ «ሁለት» የሚል ድምፅ ስለማይሰማ ሁለት አሥሮች መሆናቸውን መምህሩ በተለይ ሊያሳየው ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ የቃላት ትርጉም ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ «የክፍሉ ስፋት ስንት ነው?» ብንባል ብዙዎቻችን ወርዱን እንናገራለን። በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ግን ስፋት ማለት ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘው የገጽ ልክ ነው። መጽሐፉ ይህን ልዩነት በግልጽ ካላስተማረ ተማሪው ሒሳቡን እያወቀ በቃሉ ይሰናከላል። የክፍልፋይን የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር «ላዕል» እና «ታሕት» ስንልም ቃላቱ የግዕዝ በመሆናቸው ለትልልቆች ግልጽ ቢሆኑም ለሕፃኑ እንግዳ ናቸው። በአንጻሩ «ግማሽ»፣ «ሲሶ» እና «ሩብ» ሕፃኑ ከቤቱ ይዟቸው የሚመጣ የክፍልፋይ ቃላት ስለሆኑ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ምሳሌ ትርጉም የጥያቄን ጥልቀት ሊለውጥ መቻሉ ነው። የሚከተለውን ጥያቄ እንመልከት። «አሕመድ 12 ማንጎ አለው። ይህም ከፋጡማ በ5 ይበልጣል። ፋጡማ ስንት ማንጎ አላት?» ብዙ ሕፃናት «ይበልጣል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ 12 እና 5ን ደምረው 17 ይላሉ። ትክክለኛው መልስ ግን 7 ነው። ጥያቄው ማን ከማን እንደሚበልጥ በጥሞና መረዳትን ይጠይቃል። አሁን ተርጓሚው ለማቅለል አስቦ «አሕመድ 12 ማንጎ አለው። ፋጡማ ከአሕመድ በ5 ያነሰ አላት» ብሎ ቢተረጉመው መልሱ አሁንም 7 ነው፤ ርእሱም ያው መቀነስ ነው። ሆኖም ጥያቄው ከመረዳት ወደ ማስላት ወርዷል። ይህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በ20 ወይም በ30 ጥያቄዎች ላይ ቢደጋገም የአንዱ ቋንቋ ተማሪዎች ከሌላው ይልቅ ቀለል ያለ ሒሳብ ተምረው ያልፋሉ። ጉዳቱም ከተሠራ በኋላ ማንም አይታየውም፤ የሦስቱም መጻሕፍት ማውጫ አንድ ነውና።

ስለዚህ በሐረር የሚደረግ ግምገማ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከደረጃው ጋር ማመሳከር ብቻ ሳይሆን፣ ሦስቱን መጻሕፍት እርስ በርስም ማመሳከር ይጠበቅበታል። መዳቢዎቹም ቢያንስ ሁለቱን ቋንቋዎች አጥርተው የሚያውቁ ሊሆኑ ይገባል። ይህ ደግሞ ብዙ ሰው ሁለትና ሦስት ቋንቋ በሚናገርባት ከተማ አስቸጋሪ አይሆንም። ሐረር ለዚህ ሥራ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ የታደለች ናት ቢባል ማጋነን አይደለም።

ደረጃው ራሱ ትክክል ባይሆንስ?

እስካሁን ደረጃውን እንደ ትክክለኛ ሚዛን ወስደን መጽሐፉን መዘንን። ሆኖም ሚዛኑም ሊመዘን ይገባዋል። ላንት ፕሪቼት እና አማንዳ ቢቲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ በታዳጊ አገሮች ሥርዓተ ትምህርቱ ከተማሪዎቹ የመማር ፍጥነት ቀድሞ ሲሮጥ ምን እንደሚሆን አሳይተዋል። መጽሐፉ በየዓመቱ አዲስ ርእስ ይጨምራል፤ መምህሩም መርሐ ትምህርቱን ለመጨረስ ይጣደፋል። የ2ኛ ክፍልን ትምህርት በሚገባ ያልያዘ ተማሪ ግን የ3ኛውን ሊይዝ ስለማይችል ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ምንም ሳይማር ዓመታት ያሳልፋል። በዚህ ሁኔታ ሥርዓተ ትምህርቱን ማዝገም ውሎ አድሮ ትምህርቱን ሊያፋጥነው ይችላል።

በመሆኑም መጽሐፉና ደረጃው ፍጹም ቢጣጣሙ እንኳ ሥራው አላለቀም። 0.95 የሆነ ጠቋሚ ያለው መጽሐፍ ተማሪው ሊደርስበት የማይችለውን ደረጃ በታማኝነት የሚከተል ሊሆን ይችላል። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው አገር አቀፍ ጥናቶች ያሳዩት ዝቅተኛ ውጤት ከመጽሐፉ ጥልቀት ማነስ ይሁን፣ ከደረጃው ከፍታ፣ ወይስ ከክፍል ውስጥ አሠራር፣ ውጤቱ ብቻውን ሊነግረን አይችልም። ሦስቱን የሥርዓተ ትምህርት ገጽታዎች ለየብቻ መለካት ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪም ትኩሳት መኖሩን ስላወቀ ብቻ መድኃኒት አያዝም፤ የትኩሳቱን ምንጭ ይመረምራል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ከክፍሉ ደረጃ ጋር መጣጣሙን ለማወቅ ርእሶችን መቁጠር በቂ አይደለም። ጥልቀትን፣ ስፋትንና ሚዛንን መመርመር፣ ምደባውን በሁለት ሰዎች ማካሄድ፣ በብዙ ቋንቋ በሚማር ኅብረተሰብ ውስጥም መጻሕፍቱን እርስ በርስ ማስተያየት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። መምህር ለመሆን የሚዘጋጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ምዕራፍ ወስዶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራው ይችላል። በኋላ ክፍል ውስጥ ሲገባ መጽሐፉ የጎደለው ምን እንደሆነ ያውቃልና ራሱ ይሞላዋል፤ ጥያቄ ሀ ብቻ ባለበት ገጽ ላይ ጥያቄ ለን እና ጥያቄ ሐን በጥቁር ሰሌዳ ይጽፋል።

በመግቢያችን ያነሣናቸው ሦስት ሕፃናት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በዚያን ጊዜ አንዱ ሌላውን ቢበልጥ በትጋቱና በፍላጎቱ ይሁን እንጂ፣ ሕፃን ሳለ በእጁ በገባው መጽሐፍ መሆን የለበትም። የዚህ ሁሉ ስሌት ዓላማ ይኸው ነው።

መልመጃ ለአንባብያን

1. በአንድ ደረጃ ውስጥ የሦስት ርእሶች ድርሻ 0.50፣ 0.30 እና 0.20 ነው። በመጽሐፉ ደግሞ 0.60፣ 0.40 እና 0.00 ነው። የፖርተርን ጠቋሚ ፈልግ። ውጤቱ መጽሐፉን ለማጽደቅ ይበቃልን?

2. ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፦ በምሳሌያችን ሁለቱን የጥልቀት ዓምዶች ወደ አንድ ስንጠቀልል ጠቋሚው ከ0.65 ወደ 0.85 ከፍ ብሏል። ሳጥኖችን መጠቅለል ጠቋሚውን በፍጹም ዝቅ ሊያደርገው እንደማይችል አረጋግጥ።

መልስ፦ 1. የልዩነቶቹ ድምር 0.40፣ ግማሹ 0.20 ስለሆነ ጠቋሚው 0.80 ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ቢመስልም ሦስተኛው ርእስ ከመጽሐፉ ፈጽሞ ቀርቷል። ስለዚህ የዌብ የመጀመሪያ መስፈርት ስላልተሟላ በጠቋሚው ብቻ ማጽደቅ ስሕተት ነው። 2. የሁለት ቁጥሮች ድምር ፍጹም ዋጋ ከፍጹም ዋጋዎቻቸው ድምር አይበልጥም። ስለዚህ ሳጥኖች ሲጠቀለሉ የልዩነቶቹ ድምር ይቀንሳል ወይም ባለበት ይቆያል እንጂ አይጨምርም፤ ጠቋሚውም ዝቅ አይልም።